ድልድዩን ሳይሻገሩ፦ ስለ ከርሰርና ስለሚንሸራተት ግራፍ

ራስ መኮንን ድልድይ በአዲስ አበባ የአድራሻ አነጋገር ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። በሐረር ገዥነታቸውና በዓድዋ ጦር መሪነታቸው በሚታወቁት፣ በ1898 ዓ.ም. ባረፉት በራስ መኮንን ስም የሚጠራው ይህ ድልድይ ከፒያሳ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ ወደ አራት ኪሎ ሽቅብ ከሚወጣው ጋር የሚያገናኝ በመሆኑ፣ የሰፈሩ ሰው መንገድ ለጠየቀው እንግዳ «ድልድዩን ሳትሻገር በስተቀኝ» ብሎ ከመለሰ በኋላ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ «ሳትሻገር» የተባለው ወገን የቱ እንደሆነ የሚታወቀው እንግዳው ከየት እንደመጣ ሲታወቅ ብቻ ነው፤ ከፒያሳ ለሚወርድ ሰው ከድልድዩ ወዲህ የሆነው ከአራት ኪሎ ለሚወርድ ሰው ከድልድዩ ወዲያ ነው፤ ቀኙም ግራ ይሆናል። መላሹ ራሱ የቆመበትን መነሻ አድርጎ ሲናገር ጠያቂው ደግሞ የመጣበትን መነሻ አድርጎ ይሰማል፤ ሁለቱም ተመሰጋግነው ይለያያሉ፤ እንግዳው ግን ሄዶ ሄዶ ራሱን ከወንዙ ማዶ ያገኘዋል።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ የፒያሳ ሰፈሮች ከፈረሱ ወዲህ ነገሩ ብሷል። ቤቶቹ ሲነሡ ምልክትነታቸው አብሮ ስላልተነሣ፣ ዛሬም «ከዶሮ ማነቂያ ወረድ ብሎ» እያለ የሚያመላክት የአራዳ ልጅ ሞልቷል፤ ሰሚውም ፊት ለፊቱ የተዘረጋውን ሰፊ አስፋልት እያየ፣ የገባው ለመምሰል ራሱን ይነቀንቃል። ምልክቱ የተተከለው በመሬቱ ላይ ሳይሆን በተናጋሪው ትዝታ ላይ ስለሆነ መሬቱ ሲለወጥ ምልክቱ ባለበት ቀረ።

በግራፍ ማሳያ ሶፍትዌር ላይ የሚታዩት የከርሰርና የማንሸራተት ብልሽቶች ከዚህ ልማድ ብዙም አይርቁም። ግራፍ ማሳያ ሶፍትዌር የሚባለው በመሣሪያ የተለካን ነገር፣ ለምሳሌ የሙቀትን፣ የዋጋን ወይም የመሬትን ንቅናቄ፣ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ በመስመር እየሣለ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ከርሰር በዚህ አገባቡ ተጠቃሚው ማውዙን ባንቀሳቀሰ ቁጥር በግራፉ ላይ እየተከተለው የሚሄደው ቀጭን የቁም መስመር ሲሆን፣ ሥራውም የተጠቆመችውን ነጥብ ሰዓትና መጠን ማንበብ ነው። ማንሸራተት ማለት ደግሞ ግራፉ ከስክሪኑ ስለሚረዝም የማውዙን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ በመጎተት የተደበቀውን ክፍል ማምጣት ነው። እንዲህ ባለው ፕሮግራም ውስጥ እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት አድራሻ አለው፤ አንደኛው የስክሪኑ አድራሻ ሲሆን የሚቆጠረውም ምስሉ በተሠራባቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች፣ ማለትም በፒክስል ነው፤ ሁለተኛው የነገሩ የራሱ አድራሻ ሲሆን የሚቆጠረውም በሰዓት፣ በደቂቃና በሰከንድ ነው። ግራፉ ሳይንቀሳቀስ የቆየ እንደሆነ ሁለቱ አድራሻዎች በሰላም ይኖራሉ፤ ጠቡ የሚጀመረው ግራፉ ሲንሸራተት ነው።

ጠቡ ከቀልድ የሚያልፍበት ቦታ ከድልድዩ ሽቅብ ሲወጣ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 የዓለም ሳይንቲስቶች «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ብለው የሰየሙት የጋራ የምርምር ዘመን ሲታወጅ፣ የመግነጢስ ወገብ ለአዲስ አበባ ቅርብ በመሆኑ፣ በያኔው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። መሥራቹና ለረጅም ጊዜ መሪው የነበሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን ሲሆኑ፣ ተቋሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የሕዋ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት በሚል ስም ይታወቃል። ጣቢያው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ አንድ ወጥ መሣሪያ ወደ ተተከለበት የዓለም የሴይስሞግራፍ መረብ ገባ። ሴይስሞግራፍ የመሬትን ንቅናቄ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው፤ በዚያ መረብ ውስጥ የነበረው ዓይነት በሚሽከረከር በርሜል ላይ በተጠቀለለ የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ በብርሃን ይጽፍ ስለነበር፣ ፈጣኑን ንዝረት በሚመዘግበው ወረቀት ላይ አንድ ደቂቃ 60 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ሰከንድም 1 ሚሊ ሜትር ቦታ ይይዝ ነበር።

የአንዷ ሚሊ ሜትር ዋጋ የሚገባው ባለሙያው ከወረቀቱ ላይ ምን እንደሚፈልግ ሲታወቅ ነው። መሬት ስትንቀጠቀጥ ሁለት ዋና ዋና ማዕበሎች በውስጧ ይጓዛሉ፤ ፈጣኑና ቀድሞ የሚደርሰው ፒ ማዕበል፣ ዘገምተኛውና ብዙውን ጊዜ የበለጠ የሚያናውጠው ኤስ ማዕበል ይባላሉ። ሁለቱ ከአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ስለሚነሡ፣ ጣቢያው ከመነሻው በራቀ መጠን በመድረሻቸው መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ለቅርብ መንቀጥቀጥ ልዩነቱን በሰከንድ ለክቶ በ8 ያባዛ ሰው ርቀቱን በኪሎ ሜትር ገደማ ያገኛል። እንግዲህ የባለሙያው ማጉያ መነጽርና ማስመሪያ በአንዲት ሚሊ ሜትር ቢሳሳት የመንቀጥቀጡ መነሻ በ8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸሻል ማለት ነው። ያም ሆኖ የወረቀት ዘመን አንድ ጸጋ ነበረው፤ በእርሳስ የተደረገ ምልክት ወረቀቱ ሲገፋ አብሮ ይገፋል እንጂ ጠረጴዛው ላይ አይቀርም።

ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ፣ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን የደረሰውን ሁሉ ከታሪክ ጸሐፊዎች፣ ከተጓዦችና ከሚስዮናውያን ጽሑፍ ለቅመው ሰብስበዋል። ራስ መኮንን ባረፉበት በ1898 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ ተነሥቶ አዲስ አበባን ያናወጠው ታላቅ መንቀጥቀጥ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በአገር ውስጥ መሣሪያ ስላልነበረ የመነሻው ቦታ ከሩቅ አገር መዛግብትና ከሰው ምስክርነት የተገመተ ነው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈራረሰውና ካራ ቆሬን የጎዳው መንቀጥቀጥ ሲመጣ ግን በአራት ኪሎ መሣሪያው ነበረ፤ ጣትም ወረቀት ላይ አርፎ የሚያመለክተው ነገር አገኘ።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥ የአፋርንና የኦሮሚያን ነዋሪዎች ከቀያቸው ሲያፈናቅል፣ አዲስ አበቤዎችን ደግሞ በየፎቁ የሴይስሞሎጂ ተማሪዎች አደረጋቸው። ታኅሣሥ 26 ቀን፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ መጠኑ ከ5.5 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ከተማዋን ከእንቅልፍ ሲቀሰቅሳት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነበር። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራለት ጎረቤት 3 ሰዓት ከ52 ነው አለ፤ ባለሙያዎች ዩቲሲ በሚሉት የዓለም የጋራ ሰዓት የተጻፈውን ዝርዝር ያየው ደግሞ 0 ሰዓት ከ52 መሆኑን ምሎ ተናገረ። አልጋው የተነቃነቀው አንድ ጊዜ ሆኖ ሳለ ሦስት መንቀጥቀጥ ደርሷል ብሎ ያመነ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ከግራፉ በታች ያለው የሰዓት መስመር በአገር ሰዓት ተጽፎ ከከርሰሩ ጎን የሚወጣው ቁጥር በዩቲሲ የሚነበብበት ፕሮግራም ይህንኑ ክርክር በአንድ ስክሪን ላይ ያካሂደዋል፤ መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ሰዓት በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ሁልጊዜ በዩቲሲ ይቀመጥ፣ ለዓይን ሲወጣ ብቻ፣ በአንድ በር በኩል ይመንዘር።

ዛሬ በርሜሉ ጡረታ ወጥቷል። በአዲስ አበባ ዳርቻ በፉሪ ተራራ ላይ የተተከለውን የመሰሉ ዲጂታል ጣቢያዎች የመሬትን እንቅስቃሴ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለኩ በቁጥር ይልካሉ፤ ጣቢያ ከከተማ እምብርት ርቆ ተራራ መምረጡም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በማርሽ የሚያቃስት የጭነት መኪና በራሱ ሚዛን ትንሽ መንቀጥቀጥ ነውና። የሚላከውን ቁጥር ለማንበብ የተሠሩ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውና በታዳጊ አገሮች ጣቢያዎች ዘንድ በሰፊው የሚሠራበት ሳይሳንና በአሜሪካ የተወለደው ሳክ ከሚታወቁት ናቸው። በእነዚህ ላይ ባለሙያው ከርሰሩን ፒ ማዕበል በደረሰባት ነጥብ ላይ አቁሞ የፊደል ቁልፍ ሲጫን ሰዓቱ ይመዘገባል። ከዚህ ቀጥሎ የሚዘረዘሩት ደዌዎች የአንድ ፕሮግራም ሳይሆኑ ግራፍ የሚያሳይ ሶፍትዌር ሁሉ በየዕድሜው የሚታመማቸው ናቸው።

ከሁሉ ታዋቂው የከርሰር ውላጅ ነው። ኮምፒውተር ዝግተኛ በነበረበት ዘመን ማውዙ በተነቃነቀ ቁጥር ግራፉን ሁሉ እንደገና መሣል ስለማይቻል፣ ፕሮግራመሮች አንድ ብልሃት ዘየዱ፤ ከርሰሩ የሚያርፍበትን መስመር ቀለም መገልበጥ፣ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር ማድረግ። ይኸው መስመር ሁለተኛ ጊዜ ሲገለበጥ የቀድሞው ቀለም ይመለሳል፤ ስለዚህ ከርሰሩን ለማጥፋት በዚያው ቦታ ላይ እንደገና መሣል ይበቃል። ብልሃቱ ውብ ነው፤ ሕጉ ግን ጥብቅ ነው፦ የሚጠፋው በተሣለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ተጠቃሚው ግራፉን ሲያንሸራትት ፕሮግራሙ የተሣለውን ምስል ከነከርሰሩ ገፍቶ ወደ ግራ ይወስደዋል፤ ከዚያም «ከርሰሩን አጥፋ» ሲባል ቀድሞ በሚያውቀው የስክሪን አድራሻ ላይ ሄዶ ይገለብጣል። እዚያ ቦታ ግን ከርሰሩ የለም፤ ስለዚህ ሊያጠፋ ሄዶ ሁለተኛ ከርሰር ይወልዳል፤ የመጀመሪያውም በተገፋበት ይቀራል። ይህ የዶሮ ማነቂያ አድራሻ ነው፤ ቦታው ተለውጦ ስሙ በአፍ ላይ ቀርቷል። ተጠቃሚው ለጥቂት ጊዜ ካንሸራተተ በኋላ ስክሪኑ በቁም መስመሮች ይሞላል፤ ማዕበሉ የደረሰው ከእነዚያ መስመሮች በየትኛው ላይ እንደሆነ ባለሙያው ራሱ ይወዛገባል።

አንዳንድ ፕሮግራመር ይህን ሲያይ መላ የሚመስለውን ያደርጋል፤ ማንሸራተቱ ባለቀ ቁጥር ስክሪኑን ሁሉ እንዲያጸዳ ያዝዛል። በዚህም ውላጁ ይጠፋል፤ በምትኩ ግራፉ ዓይን እስኪያም ድረስ ብልጭ ድርግም ይላል። ትክክለኛው ፈውስ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ግራፉ ከመገፋቱ በፊት ከርሰሩን በነበረበት ማጥፋትና ከተገፋ በኋላ በአዲሱ ቦታ መሣል፣ ወይም በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች እንደሚመረጠው ከርሰሩን ከግራፉ በላይ በተዘረጋ የራሱ ንጣፍ ላይ ማኖርና ሁለቱ እንዳይነካኩ ማድረግ። ሁለተኛው ይሻላል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው የሚሠራው ፕሮግራመሩ ቅደም ተከተሉን እስካልዘነጋ ድረስ ነው፣ ፕሮግራመር ደግሞ ሰው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ችኮላን የሚሸልም ጉድ ነው፤ ግራፉ በፍጥነት ሲጎተት ይሄዳል፣ በዝግታ ሲጎተት ንቅንቅ አይልም። ተጠቃሚው ይህን «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይሰንፋል» ብሎ ሲያመለክት፣ ፕሮግራመሩ በችኮላ ጎትቶ ያይና «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ ይመልሳል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስክሪኑ 1,200 ፒክስል ስፋት ኖሮት 2 ደቂቃ የሚያሳይ ከሆነ እያንዳንዱ ፒክስል የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይሆናል። ማውዙ በዝግታ ሲሄድ በአንድ ጊዜ አንድ ፒክስል ብቻ ይራመዳል፤ ፕሮግራሙ የግራፉን መጀመሪያ በሙሉ ሰከንድ የሚይዝ ከሆነ የተጨመረችውን አንድ አሥረኛ ወደ ዜሮ ያጠጋጋታል፤ ቀጥላ የምትመጣውንም እንዲሁ፤ ስለዚህ መቶ ጊዜ ቢጎተትም መቶ ዜሮ ተደምሮ ዜሮ ነው። በፍጥነት ሲጎተት ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ፒክስል ስለሚዘለል ድምሩ ከማጠጋጋቱ ያመልጣል። ፈውሱ ቁልፉ በተጫነባት ቅጽበት ማውዙም ግራፉም የት እንደነበሩ መዝግቦ ይዞ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዞ ሁሉ ከዚያች መነሻ በአንድነት መለካት፣ ክፍልፋዩንም አለመጣል ነው።

ስለ አቅጣጫ የሚነሣው ክርክር ከሁሉም ይልቅ የድልድዩን ሰፈር ይመስላል። ተጠቃሚው በማውዝ ግራፉን ወደ ቀኝ ሲጎትት ያለፈው ሰዓት ከግራ ይመጣል፤ ከግራፉ ሥር ያለውን ማንሸራተቻ ወደ ቀኝ ሲገፋ ደግሞ የሚመጣው ቀጣዩ ሰዓት ነው። በመጀመሪያው የሚንቀሳቀሰው ወረቀቱ ነው፣ በሁለተኛው መስኮቱ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ የቆሙ ስለሆነ ብቻ ይጣላሉ። ይህን ያልተረዳ ፕሮግራመር አንደኛው ተገለበጠ ብሎ የመቀነስ ምልክት ይጨምራል፤ አንደኛው ሲቃና ሌላው ይገለበጣል፤ እዚያም ሌላ መቀነሻ ይጨምራል፤ ዓመት ሲሞላው በኮዱ ውስጥ ማን እንደተከላቸው የማይታወቁና ማንም ሊነካቸው የማይደፍር የመቀነስ ምልክቶች ይገኛሉ።

ሌሎቹ ደዌዎች ቀለል ያሉ ናቸው። ቁልፉ ከመስኮቱ ውጭ ሲለቀቅ ፕሮግራሙ መለቀቁን ስለማይሰማ ግራፉ ማውዙን እየተከተለ የሚዞርበት አለ፤ መድኃኒቱ ቁልፉ እስኪለቀቅ ድረስ ማውዙ የትም ቢሄድ ወሬው ለዚያው መስኮት እንዲደርስ ማዘዝ ነው። የስክሪኑ ጽሑፍ አንድ ተኩል እጥፍ እንዲጎላ በተደረገበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ከርሰሩ በስክሪኑ ግራ ጠርዝ ላይ ከማውዙ ጋር ተስማምቶ ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር እየራቀው ይሄዳል፤ ስሕተቱ ከቦታ ቦታ የሚያድግ ከሆነ ጥፋቱ የማባዛት፣ በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ የመደመር መሆኑን ማወቅ ለጠጋኙ ግማሽ መንገድ ነው።

ዝም ብሎ የሚጎዳው ግን ሲንሸራተት ቅርፁን የሚለዋውጠው ግራፍ ነው። በሰከንድ 40 ጊዜ የሚለካ ጣቢያ በአንድ ሰዓት ውስጥ 144,000 ቁጥር ይልካል፤ ይህ በ1,200 ፒክስል ላይ ሲሣል ለእያንዳንዱ ፒክስል 120 ቁጥር ይደርሰዋል። ፕሮግራሙ ከ120ው አንዱን ብቻ መርጦ የሚሥል ከሆነ፣ ግራፉ ጥቂት በተገፋ ቁጥር ምርጫው ይለወጣል፤ ረጅሙ የማዕበል ጫፍ አሁን ታይቶ አሁን ይሰወራል። ተጠቃሚው ከርሰሩን በጫፉ ላይ ሊያቆም ይሮጣል፣ ጫፉ ግን የለም። እዚህ ላይ ከርሰሩ ንጹሕ ነው፣ ተወቃሹ አሣሣሉ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፒክስል ከ120ው ትንሹንና ትልቁን አንሥቶ በመካከላቸው መስመር ማስመር፣ የምድቡንም ድንበር ከስክሪኑ ጠርዝ ሳይሆን ከሰዓቱ መነሻ መቁጠር ይህን ያድናል።

ይህ ሁሉ የውበት ጉዳይ ነው የሚል ባለበጀት በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። ሒሳቡ ግን አጭር ነው፤ አንድ ሰዓት በ1,200 ፒክስል ላይ ሲታይ አንድ ፒክስል 3 ሰከንድ ነው፤ በዚህ ስፋት ላይ የኤስ ማዕበልን መድረሻ በአንዲት ፒክስል ያሳተ ከርሰር ርቀቱን በ24 ኪሎ ሜትር ገደማ ያሳስታል፤ ይህም ከራስ መኮንን ድልድይ ተነሥቶ ሰበታ አካባቢ እንደመድረስ ነው። ባለሙያዎች ለዚህ ሲሉ መጀመሪያ አጉልተው ኋላ ይጠቁማሉ፤ ፕሮግራሙ በአጎላ ቁጥር ከርሰሩን ከቦታው የሚያሸሽ ከሆነ ግን ይህ ጥንቃቄያቸውም ከንቱ ነው።

የተጠገነ ግራፍ ማሳያ ተረክቦ ከመፈረሙ በፊት ተጠቃሚው ይህን ይፈትን፦ ከርሰሩን በአንድ ሹል ጫፍ ላይ አቁሞ ሰዓቱን በወረቀት ይጻፍ፤ ግራፉን በዝግታ ወደ ግራ፣ በፍጥነት ወደ ቀኝ ያንሸራትት፤ አጉልቶ መልሶ ያሳንስ፤ በመጨረሻም ያንኑ ጫፍ ፈልጎ ከርሰሩን ያቁምበት። የሚነበበው ሰዓት በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ካልሆነ ሶፍትዌሩ አልተጠገነም፤ ፊርማውም ይቆይ።